ቀይና ነጩ ዘንግ

ጋሽ ልኩ የምንለው አናጢ በሕይወቱ ከልክ በላይ የሰፋ ሳጥን የሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የደበቀውን ነገር ያወቅኩትም በዚያው ሳጥን የተነሣ ነው።

ልኩ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም፤ እኛ ያወጣንለት ነው። ማንኛውንም ነገር ሠርቶ ሲጨርስ በመዳፉ መታ መታ ያደርግና «ልኩ ነው» ይላል። መሳቢያ ሲገጥም «ልኩ ነው»፣ የመስኮት መዝጊያ ሲያቃና «ልኩ ነው»። አንድ ጊዜ ታሞ ተኝቶ ልንጠይቀው ሆስፒታል ብንሄድ፣ ከደረት ኪሱ የማትለየውን ታጣፊ ሜትር ዘርግቶ አልጋውን ሲለካ ደረስን። እግሩ በአራት ጣት እንደሚተርፍ ለነርሷ ያስረዳታል፤ እሷ ደግሞ ትኩሳቱ የተነሣበት መስሏት ቴርሞሜትር ፍለጋ ሄዳለች። ሴት ልጁን ሊያገባ የመጣውንም ወጣት ገና ሳይቀመጥ በዓይኑ ለክቶ፣ ቁመቱን በሚስቱ ጆሮ ሹክ ብሏት ነበር። በኋላ የልጁ መታወቂያ ሲታይ በሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ መሳሳቱን የነገረችኝ ራሷ ሚስቱ ናት። «ጫማውን ሳይቆጥር ቀርቶ ነው» ብላ ጥብቅና ቆመችለት።

የምንሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ውስጥ ነው። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ሁለት አዳራሽ፣ አንድ መጋዘንና ከደረጃ ሥር ያለችው የጋሽ ልኩ የእንጨት ሥራ ክፍል ናቸው። እኔ ከመጋዘኑ ጎን ያለው የፎቶግራፍ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ የሚለው ቃል እንዳያሳስታችሁ፤ ከእኔ በታች አንድም ሰው የለም። አምስት ዓመት የፈጀ የአንድ ትልቅ ቁፋሮ ፎቶዎች፣ ከሦስት ሺህ በላይ፣ በካርቶን በካርቶን ሆነው እኔ ዘንድ ተቀምጠዋል። ያረጀ ፊልም ሲበላሽ የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ያንን እየተነፈስኩ ስለኖርኩ፣ ማታ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው «መጣሽ?» የሚለኝ።

በየፎቶው ላይ፣ ከጉድጓዱ ጠርዝ ወይም ከግንቡ አጠገብ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ቆሟል። የማያውቅ ሰው የመንገድ ሥራ ምልክት ይመስለዋል። ዘንጉ ሁለት ሜትር ነው፤ አሥር ቦታ እኩል ተከፍሎ አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ ይቀባል፣ አንዱ ቀለም ሃያ ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ጉድጓዱ ተመልሶ ከተሞላ፣ ግንቡም ከፈረሰ በኋላ፣ ፎቶውን ያየ ሰው በዘንጉ አመሳክሮ የሁሉንም ነገር መጠን ያውቃል። ፎቶ ላይ ሰው ይስቃል፣ ፀሐይ ዓይኑን ታስጨፍነዋለች፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። ዘንግ ይህን ሁሉ ስለማያደርግ ይታመናል።

የመጀመሪያው አዳራሽ መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ የተጠረበ ድንጋይ ቆሟል፤ የዚያ ቁፋሮ ሁለተኛ ዓመት ግኝት ነው። ጽሑፍ የለበትም፤ አናቱ ላይ እንደ ሳህን ጎድጎድ ብሏል። ለምን እንደተቦረቦረ አናውቅም። አናውቅም ማለት ስለሚያሳፍር «ለአምልኮ ሥርዓት ሳያገለግል አልቀረም» ብለን አጠገቡ በለጠፍነው ወረቀት ላይ ጽፈናል። ከሥሩ «ቁመት፦ 1 ሜትር» ይላል። ይህንን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ቁፋሮውን የመሩት ፕሮፌሰር ከጻፉት መጽሐፍ ገልብጬ።

ባለፈው ዓመት ድንጋዩ ለሦስት ወር በትውስት ወደ ሌላ ሙዚየም እንዲሄድ ተወሰነና ሳጥን አስፈለገው። ጋሽ ልኩ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ነበር የቀረው። «የስንብት ሥራህ ይሁን» አልነው። ሳጥኑን በሦስት ቀን ጨረሰ። ድንጋዩን ስድስት ሰው አጋድሞ አስገባው፣ ክዳኑ ተገጠመ። ሳጥኑን ቀና ሲያደርጉት ውስጡ ጓ አለ።

ሰዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ስለነበር ልብ አላሉም፤ እኔ ግን ደነገጥኩ። ይህ ሰው የገጠመው መሳቢያ ሲዘጋ አየሩ መውጫ አጥቶ እፍ ይላል። የሠራልኝን የፎቶ መደርደሪያ ወረቀት እንኳ ሹልክ አይልበትም። ሰዎቹ ሲሄዱ ክዳኑን አስከፈትኩት። ዙሪያውን ስፖንጁ እኩል ነው፤ ከድንጋዩ አናት በላይ ብቻ ትርፍ ባዶ ቦታ አለ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«ሳጥን ነዋ።»

«ሳጥን መሆኑንማ ዓይን አለኝ። ለምን ሰፋ?»

«አንድ ሜትር ይላል እኮ ጽሑፉ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጽሑፍ እያነበብክ የምትሠራው? አልለካኸውም?»

መጋዙን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ለካሁት» አለ በመጨረሻ። «ዘጠና አምስት ነው። በልኩ ብሠራው ጽሑፉ ለምን አንድ ሜትር አለ ይባላል ብዬ ነው።»

ሳቅኩ። «ድንጋይ እንደ ሹራብ ታጥቦ አይሰበሰብ! እንግዲያው መጽሐፉ ተሳስቷል ማለት ነው። አንተን ምን አስጨነቀህ?»

ጋሽ ልኩ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት የሚቆጣ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የነገረኝን በሙሉ የነገረኝ ጉልበቱ ላይ የተኛውን እጁን እያየ ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ቁፋሮው ላይ በቀን ሠራተኛነት አካፋ ይዞ ገብቶ፣ የእጁ ሥራ ሲታይ አናጢ አደረጉት። በሁለተኛው ዓመት፣ ሥራ በተጀመረ በሳምንቱ፣ ገና አንድም ፎቶ ሳይነሣ፣ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ገባ። ከጎማው ሥር የሚያስገባው ነገር ሲያጣ አጠገቡ የነበረውን ዘንግ አስገባ። መኪናው ወጣ፤ የዘንጉ ጫፍ ግን ተሰነጠቀ። ዘንጉን ፕሮፌሰሩ ከውጭ አገር በእጃቸው ይዘው ነው የመጡት፤ ከአውሮፕላን ሲወርዱ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ነበር ይባላል። በዚያው ሳምንት አንድ ሠራተኛ አካፋ ሰብሮ ተባሯል። የጋሽ ልኩ ሚስት ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ቀኗ ገብቶ ነበር።

«የተሰነጠቀውን ቆረጥኩት» አለኝ። «አሥር ሴንቲ ሜትር። የጫፉን ብረት ነቅዬ መልሼ ገጠምኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የታችኛው ቀይ ግማሽ ሆኖ ቀረ። ሌሎቹ ሃያ ሃያ፣ እሱ ብቻ አሥር! እንዴት ብዬ ልተወው? ጎዶሎ ነገር ዓይኔን ይወጋኛል። ቀለሙን በሙሉ ፋቅኩና እንደገና አሥር ቦታ ከፋፍዬ ቀባሁት። አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኝ። ፀጉር ታህል አይበላለጥም ነበር።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት፣ አልዋሽም፣ ኩራት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰውየው ሰነፍ አናጢ ቢሆን ኖሮ የታችኛው ቀለም አጥሮ ይቀር ነበር፤ ፎቶ አንሺው በመጀመሪያው ቀን አይቶት ይጮህ ነበር፤ ነገሩ በአንድ ቁጣ ያልቅ ነበር። ጎበዝ ስለሆነ ግን አንድ ዓመት ሙሉ፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ፣ አንድም ሰው ሳይጠረጥር ባጠረ ዘንግ ተነሣ። ዘንጉ ሲያጥር ደግሞ አጠገቡ ያለው ሁሉ ረዝሞ ይነበባል፤ ዘጠና አምስቱ አንድ ሜትር ይሆናል። በሦስተኛው ዓመት የብረት ዘንጎች መጡና የእንጨቱ ማገዶ ሆነ። ማን እንዳነደደው አልጠየቅኩም።

«ይሁን እስቲ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ማንን ገደለ?» አልኩት። ላጽናናው ብዬ ነው።

«ድንጋዩንማ ምንም አላደረገው» አለኝ። «እርሳስስ?»

እርሳስ የቁፋሮውን ንድፍ ትሠራ የነበረች ሴት ናት። ዘወትር ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ስለምትሰካ ነው እንደዚያ የተባለችው። እኔ ስቀጠር እሷ ሄዳለች፤ ንድፎቿን ግን አውቃቸዋለሁ። የአንድን ግንብ ድንጋይ በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ ከነስንጥቁ ትሥላለች። በመሥሪያ ቤቱ ስለ እሷ የሚወራው «ጎበዝ ነበረች፣ ትሳሳታለች እንጂ» የሚል ብቻ ነው። እኔም ሳላጣራ ለስንቱ ተማሪ ደግሜዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮፌሰሩ የጥንት ግንበኞች በአርባ አርባ ሴንቲ ሜትር እየለኩ ይሠሩ ነበር የሚል ሐሳብ ነበራቸው። በቁፋሮው የወጣው የትልቁ በር ስፋት በፎቶው ላይ አንድ ሜትር ከሃያ ሆኖ ሲወጣ፣ ሦስት ጊዜ አርባ ነውና፣ ደስታቸው ወሰን አጣ። የእርሳስ ንድፍ ግን አንድ ሜትር ከአሥራ አራት ይላል፤ እሷ በዘንግ ሳይሆን በጥብጣብ ሜትር ነው የለካችው። ክርክሩ የተነሣው መጽሐፉ ሲጻፍ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። ጉድጓዱ ተሞልቶ፣ መንገድ ሠሪዎች አስፋልት አልብሰውታል። ድንጋዩም ታሽጎ ሌላ ከተማ መጋዘን ውስጥ ነው። ሄዶ መለካት የለም። ሦስት ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ተጠየቀች። ሦስቱም በአንድ ቃል መሰከሩባት።

«እዚያው ክፍል ነበርኩ» አለ ጋሽ ልኩ። «ከጀርባቸው መደርደሪያ እየሰቀልኩ። ፕሮፌሰሩ ‹ዘንግ ምን ሊያገኝ ይዋሻል? የተሳሳተው ያንቺ ዓይን ነው› አሏት። ዘወር ብላ አየችኝ። በሩ ሲለካ የጥብጣቡን ሌላ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ አንተ ንገራቸው እንጂ ማለቷ ነው። እኔ ብሎኔን ማጥበቅ ቀጠልኩ።»

«መደርደሪያውስ?» አልኩት፤ ለምን እንደጠየቅኩ እኔም አላውቅም።

«ልኩ ነበር።»

በወሩ «በጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ደብዳቤ ደርሷት እርሳስ ከሥራ ወጣች።

ተናደድኩበት። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ሻይ ስጠጣ፣ ሲያሾፍብኝ ስስቅ፣ ይህ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ልክ ልኩን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «ቁመት፦ 1 ሜትር» ብዬ የጻፍኩት ትዝ አለኝ። በየቀኑ ድንጋዩ አጠገብ ሳልፍ አንድ ቀን ሜትር ያላነሣሁት እኔ ነኝ፤ አፌን ዘጋሁ።

«ሁለት ወር ነው የቀረኝ» አለኝ። ዝም በይልኝ ማለቱ ነው።

«እኔ ለማንም አልናገርም። ሳጥኑን ግን አስተካክለው» ብዬው ወጣሁ።

ሁለት ቀን አላናገርኩትም። የሁለተኛውን ዓመት ካርቶኖች አውርጄ ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። በብዙዎቹ ላይ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ የያዘ እጅ ጠርዝ ላይ ይታያል፤ የእሱ እጅ ነው፣ አውራ ጣቱን አውቃታለሁ። በአንዱ ላይ ደግሞ ሁለቱም አሉ፤ በሩን ሲለኩ። እርሳስ በግራ ተንበርክካለች፣ እሱ በቀኝ፣ ጥብጣቡ በመካከላቸው ተወጥሯል፣ ዘንጉ ከኋላቸው ቆሟል። ትክክለኛውና የተሳሳተው መለኪያ አንድ ፎቶ ላይ! የጥብጣቡን ቁጥር ለማንበብ በማጉያ መነጽር ብዙ ታገልኩ። አይነበብም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳጥኑ ተስተካክሎ አገኘሁት። ድንጋዩን ሰው ለምኖ አስወጥቶ፣ ሳጥኑን አሳጥሮ፣ መልሶ አስገብቶታል። ቢነቀንቁት ድምፅ የለውም። መታ መታ አላደረገውም፣ የተለመደ ቃሉንም አላለም። «ኃላፊው ገብቷል?» አለኝ።

የሙዚየሙ ኃላፊ ከሁለታችንም በዕድሜ የሚያንስ፣ ከማንም ጋር መጣላት የማይወድ ሰው ነው። ሰምቶ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ጋሼ፣ ይህን ጡረታ ከወጣህ በኋላ ብትነግረን ምን ነበረበት? የትውስቱ ካታሎግ እኮ ማተሚያ ቤት ገብቷል። የፕሮፌሰሩ መጽሐፍ ስንት ቦታ እንደሚጠቀስ ታውቃለህ? ለመሆኑ ማስረጃው የታለ? ዘንጉ እንደሆነ የለም።»

«ማስረጃው እኔ ነኝ» አለው ጋሽ ልኩ። «ድንጋዩም አለ። ሜትር ያዝና ለካው።» ታጣፊዋን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት።

ኃላፊው አልተቀበለውም። «እንነጋገርበታለን» አለ። በእኛ መሥሪያ ቤት «እንነጋገርበታለን» የተባለበት ነገር ሁለተኛ ተነሥቶ አያውቅም።

ጋሽ ልኩ ከዚያ ወጥቶ ቀጥታ ወደ እኔ ክፍል መጣና የሁለተኛውን ዓመት የፎቶ መዝገብ አምጪ አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በማስመሪያ መስመር አሰመረ። ጽሕፈቱ እንደ አናጢነቱ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። «በዚህ ዓመት ፎቶዎች ላይ ያለው ዘንግ ሁለት ሜትር ሳይሆን አንድ ሜትር ከዘጠና ነው። ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። የንድፍ ሠራተኛዋ ልኬት ትክክል ነው» ብሎ ጽፎ ፈረመ። መዝገብ ላይ ያለ ፈቃድ መጻፍ ክልክል ነው። ማህተሙ ግን የሚቀመጠው እኔ መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ አውጥቼ መታሁበት። የድንጋዩንም ጽሑፍ በሳምንቱ ቀየርኩት፣ ያለ ፈቃድ።

«በቃ፣ ተገላገልክ» አልኩት።

«እሷ መዝገብ አታነብ» አለኝ።

የት እንዳለች ያውቃል። ከእኛ ሦስት ፌርማታ ርቆ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ሃያ ዓመት በዚያ መንገድ ሲመላለስ በማዶው ጠርዝ ነው የሚያልፈው። ያን ዕለት ከሥራ አስፈቅደን ሄድን። መንገዱን ስንሻገር ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ መኪና ፈርቶ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ማሽን፣ አንድ ወንበር፣ የወረቀት ቁልል። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። አንዲት ሴት የልጇን የልደት ሰርተፍኬት ታስገለብጣለች። እሷ ከፍላ እስክትወጣ ጋሽ ልኩ በሩ ላይ ቆሞ ቆየ። እርሳስ ቀና ብላ አየችው፤ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም።

«አናጢው! በማዶ በኩል አንገትህን ደፍተህ ስታልፍ ሳይህ ስንት ዘመኔ! ዛሬ ምን እግር ጣለህ?»

«እትዬ፣ እርስዎን ለማስቸገር ሳይሆን...»

«እርስዎ ደግሞ ምን አመጣው? ጥብጣብ አብረን ስንይዝ አንቺ አልነበር የምትለኝ? ተናገር በል።»

ተናገረ። ቃለ መሐላ እንደሚፈጽም ሰው ቆሞ፣ ከመኪናው ጎማ ጀምሮ እስከ ብሎኑ ድረስ፣ አንዲት ነገር ሳያስቀር። እርሳስ ማሽኑ ውስጥ ወረቀት እየሞላች ነበር፤ መሐል ላይ እጇ ቆመ።

«ስንት ነው የቆረጥከው?»

«አሥር ሴንቲ ሜትር።»

«ከሁለት ሜትሩ?»

«ከሁለት ሜትሩ።»

የተበላሸ ወረቀት ገልብጣ እስክሪብቶ አነሣች። አንድ ሜትር ከሃያን ይዛ አሰላች፤ ስታሰላ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ ሜትር ከአሥራ አራት ወጣ። ሌላ ወረቀት አንሥታ ደግማ አሰላች። ያው ወጣ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ዓይኔን ሁለት ጊዜ ተመርምሬአለሁ» አለች፤ የምታወራው ለእኔ ነው። «ሐኪሙ ጤነኛ ነሽ ሲለኝ፣ እንግዲያው ጭንቅላቴ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሜትር ይዤ አላውቅም። ለገዛ ቤቴ መጋረጃ እንኳ የለካችልኝ ጎረቤቴ ናት። እኔ አጠገቧ ቆሜ ቁጥሩን እጽፍላታለሁ፣ በራሴ ቤት! ይኼን ማሽንም የገዛሁት ለዚያ ነው። እሱ አይቶ ይገለብጣል፣ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ።»

እኔ እንባዬ መጣ። እሷ ወደ እሱ ዞረች።

«ያን ቀን ለምን አልተናገርክም?»

«ፈራሁ» አላት።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለችው። «ግን ተናገርኩ።»

ወረቀቱን አንሥታ እንደገና አየችው። ፊቷ ቀስ በቀስ ተፈታ። ብድግ ብላ ወደ በሩ ሄደችና አንገቷን አውጥታ በጎን ያለውን ልብስ ሰፊ ጠራችው። «አልተሳሳትኩም!» አለችው። ልብስ ሰፊው ስለ ምን እንደምታወራ የሚያውቀው ነገር የለም፤ መርፌውን በአፉ እንደያዘ ራሱን ነቀነቀላት። «አንድ ከአሥራ አራት ነው! አልተሳሳትኩም!» ስትመለስ እየሳቀች ነበር፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት።

ጋሽ ልኩ ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለ።

እጇን አንሥታ አስቆመችው።

«ለይቅርታው ሌላ ቀን ና» አለችው። «ዛሬ ደስ ብሎኛል፤ አታበላሽብኝ።»